ሦስተኛው ወንፊት ላይ

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ግራም የመድኃኒት ዱቄት «በዚህ ወንፊት አላልፍም» አለ። ቀዳዳው ተደፍኖ ነው፣ እርጥበት አጋግሮት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ዱቄቱ በጠራ አማርኛ ነው የተናገረው፤ አመለወርቅም በሁለት ጆሮዋ ሰምታዋለች።

አመለወርቅ የመድኃኒት ፋብሪካው ጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ናት። ሥራዋ ዱቄት ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ መለካት ነው። ስድስት ወንፊቶች አንዱን ባንዱ ላይ ትደረድራለች፤ የላይኛው ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ ከሁሉም ሥር መቀበያ ሳህን አለ። ማሽን አሥር ደቂቃ ይነቀንቃቸዋል። ከዚያ በየወንፊቱ ላይ የቀረውን እየመዘነች ቅጽ ትሞላለች። ይህኛው ዱቄት ለሕፃናት የወባ ኪኒን የሚሆን ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሦስተኛውን ወንፊት ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ሳይሟሟ እንደገባ ይወጣል፣ ልጁም መድኃኒቱን ውጧል እየተባለ በትኩሳት ይሞታል። አመለወርቅ ፊርማዋን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቀው ለዚህ ነው።

«ለምንድነው የማታልፈው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሻካራ ነኛ!» አለ ዱቄቱ ከሦስተኛው ወንፊት ላይ። «ሻካራ ብለሽ ጻፊኝ።»

«እሱማ እጽፋለሁ» አለች፤ ጻፈችም። ሁለት መቶ ግራም ገባ፤ ሁለት መቶ ግራም ሦስተኛው ላይ ቀረ፤ ከዚያ በታች ምንም የለም።

ሳይቆይ የምርት ክፍል ኃላፊው አቶ ቢያድግልኝ በሩን በርግደው ገቡ። ኪኒን መጭመቂያው ማሽን ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ የእሷን ወረቀት እየጠበቀ ነው።

«አመልዬ፣ ምነው ዛሬ ወንፊት ታቅፈሽ ቀረሽ?»

«አላለፈም፣ አቶ ቢያድግልኝ።»

«እንዴት አባቱ አያልፍም! ቤትሽ ዱቄት ነፍተሽ አታውቂም? በመዳፍሽ አሸት አሸት አድርጊዋ!»

የዚህ ፋብሪካ ሰው ሁሉ ጥፋቱ ይኸው ነው። ሁሉም ያደገው የዱቄት ጓል በመዳፍ ሲታሽ እያየ ስለሆነ፣ ወንፊት ፊት ሲቆም እጁ ሳያዘው ይዘረጋል። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ክልክል ነው። የታሸ ዱቄት ተሰባብሮ ስለሚያልፍ፣ የሚለካው ዱቄቱ መሆኑ ይቀርና የአሺው ክንድ ይሆናል።

«አላሸውም» አለች አመለወርቅ።

«እኔም አልታሽም» አለ ዱቄቱ።

«አንተን ማንም አልጠየቀህም» አሉት አቶ ቢያድግልኝ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት። «ስሚኝ፣ አመለወርቅ። ወይ ትፈርሚያለሽ፣ ወይ ከነገ ጀምሮ ካርቶን ማሸጊያ ትገቢያለሽ።»

አመለወርቅ ፈራች። መፍራቷም አናደዳት። «ካርቶኑን አሽጋለሁ! ይህን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልፈርምም። ልጆች የሚውጡት ነገር ነው!»

«ወግጂልኝ እንግዲህ!» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የላይኞቹን ሁለት ወንፊቶች አነሱና መዳፋቸውን ዱቄቱ ላይ አሳርፈው ማሸት ጀመሩ። ዱቄቱ ንቅንቅ አላለም። ማለፍ የጀመረው መዳፋቸው ነው።

መጀመሪያ ጣቶቻቸው ደቀቁ። ደም የለ፣ ድምፅ የለ፤ ግራጫ ብናኝ ሆነው አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ቀጥሎ አንጓቸው ወረደ።

«አቶ ቢያድግልኝ፣ እርስዎ ነዎት እያለፉ ያሉት» አለች አመለወርቅ። «ኧረ በቃዎት፣ እጅዎን ያንሱ!»

«ሊያልፍልኝ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» አሉ። እልህ ይዟቸዋል። ክርናቸው ሲያልቅ በትከሻቸው አሹት፤ ትከሻቸው ሲያልቅ በደረታቸው ተደፉበት። በመጨረሻ «ትፈርሚያታለሽ!» የሚል አፍ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም አለፈ። ሰዓታቸውና የጋብቻ ቀለበታቸው ወንፊቱ ላይ ቀሩ።

ያን የሚያህል ሰውዬ ስንዝር በማትሞላ ሳህን እንዴት እንደተከተተ እኔን አትጠይቁኝ። አመለወርቅ መዘነችው፤ ሦስት መቶ ሰባ ግራም። በአዲስ ቅጽ ላይ «ናሙና፦ የምርት ክፍል ኃላፊ። ሙሉ በሙሉ አልፏል» ብላ ጻፈች። ዱቄቱን ደግማ ስትመዝነው ሁለት መቶ ግራሙ አንዲት እንኳ አልጎደለም። በቀይ እስክሪብቶ «አላለፈም» ብላ ፈረመችበትና ወረቀቱን ሄዳ መጭመቂያው ማሽን ላይ ለጠፈች። ሠራተኞቹ አንብበው ማሽኑን አጠፉት።

ተመልሳ ስትገባ ሳህኑ ውስጥ ያለው ብናኝ ይንቀሳቀስ ነበር። መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር ተጫረ፤ መስመሩ ታጥፎ «ይለፍ» የሚል ቃል ሆነ። ከቃሉ ሥር ፊርማ ወጣ። ፊርማው የአመለወርቅ ነበር፤ መጨረሻው ላይ የምታስረዝማት ጭረት እንኳ አልቀረችም።

ሳህኑን በጣቷ መታ አደረገችው። ጽሕፈቱ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ያው ቃል፣ ያው ፊርማ ወጣ። መታችው፤ ጠፋ። ደግሞ ወጣ።

አመለወርቅ ወንበር ስባ ሳህኑ ፊት ተቀመጠች።

«ይጻፉ» አለቻቸው። «እኔ የትም አልሄድም።»

መታችው። ብናኙ ለጥ አለ፤ ከዚያ ከወዲያኛው ጠርዝ ተነስቶ፣ አሁን በጥድፊያ፣ ስሟን መጻፍ ጀመረ።