ኦቦ ጉታ ያልረገጡት ወረዳ

መቲ አምቦ ውስጥ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። በ2004 ዓ.ም. ለየወረዳው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲታደሉ፣ የከብት ክትባት የሚመዘገብበት አሮጌ ፕሮግራም አልነሳ አለባቸው። መቲ መላ ዘየደች፤ ፕሮግራሙን ከነጓዙ ጠቀለለችና መጫን ሳያስፈልገው በየትኛውም ማሽን ላይ እንዲከፈት አደረገችው።

ከነጓዙ ማለት ከነሬጅስትሪው ነው፤ ፕሮግራሙ አመሉንና የባለቤቱን ስም ከሚያኖርበት ቋት ጋር። እንዳይጋጭ ብላ ደግሞ ጥቅሉ የራሱን ሬጅስትሪ ብቻ እንዲያነብ፣ የማሽኑን ቀና ብሎ እንዳያይ ዘጋችበት። ችግሩ፣ የጠቀለለችው ዓምና ጡረታ በወጡት የክትባት ኃላፊ በኦቦ ጉታ ማሽን ላይ ነው።

ጥቅሉ በተላከ ማግስት የእንጭኒ ወረዳ ጸሐፊ ኤቢሴ ደወለች።

«መቲ ኮ፣ ‹እንኳን ደህና መጡ ኦቦ ጉታ› ይላል። መቼ ነው የሚመጡት?»

«አይመጡም። ዝም ብለሽ ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ተጫኚው።»

«በሰው ስም? ያውም በትልቅ ሰው ስም? ኧረ ነውር ነው! ወንበር አዘጋጅተናል፤ እንጠብቃቸዋለን።»

መቲ ጥቅሉን ፈትታ ለማስተካከል አለቃዋን አቶ ተሻለን ፈቃድ ጠየቀች።

«ኮሚቴ ያጸደቀው ጥቅል አይፈታም» አሉ አቶ ተሻለ። «ኦቦ ጉታ ግን ጡረተኛ ናቸው፤ ጊዜ አላቸው።»

ኦቦ ጉታ ከረባታቸውን አስረው እንጭኒ ሄዱ። ኢንተርን ሲጫኑ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ በግም ታረደ። ጥቅሉ ግን በተዘጋ ቁጥር ሁሉን ይረሳል፤ በማግስቱም እንደ አዲስ ኦቦ ጉታን ተቀበለ። አዲስ ዓለምም ያው፣ ጊንጪም ያው። ሳይመዘገብ አይከተብምና፣ ከብት የሚከተበው እሳቸው በደረሱበት ቀን ብቻ ሆነ። ገበሬው ላሙንና ወይፈኑን እየነዳ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ፣ ከሚኒባስ ሲወርዱ በእልልታ ይቀበላቸው ጀመር። ሰውየው ወዛቸው ተመለሰ፤ ጉልበታቸው ግን አበጠ። አንድ ሰኞ ከአልጋ መነሳት አቃታቸውና የወረዳዎቹ ክትባት በሙሉ ቆመ።

መቲ ልትጠይቃቸው ሄደች።

«ኦቦ ጉታ፣ ልሰርዝዎት ነው።»

«ከየት?»

«ከሬጅስትሪው።»

«አንቺስ ጨዋ ነሽ፤ ጡረታ ሲያወጡኝ ይህን ያህል እንኳ የነገረኝ የለም።» ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ «ሰርዢኝ፣ ልጄ። በግ በላሁ፤ በቃኝ» አሏት።

መቲ ኮሚቴውን ሳትጠብቅ ጥቅሉን ፈታች። ስማቸውን አወጣች፤ ጥቅሉም ከራሱ ያጣውን ከማሽኑ ሬጅስትሪ እንዲያነብ ከፈተችለትና አዲሱን ለየወረዳው ላከች። በማግስቱ ኤቢሴ ደወለች።

«አሁን ደግሞ ‹እንኳን ደህና መጡ ተጠቃሚ› ይላል።»

መቲ ራሷን ያዘች። ሻጮቹ በማሽኖቹ ላይ የባለቤት ስም አልሞሉም ነበር፤ በስሙ ቦታ ያለው «ተጠቃሚ» የሚል ቃል ብቻ ነው። «ታዲያ እሱንም ልትጠብቁት ነው?»

«ማንን? ተጠቃሚን?» ኤቢሴ ሳቀች። «ምኑን አውቀነው ነው የምናፍረው! ጠዋት ቁጭ ብዬ ተጫንኩት። ይኸው ሃምሳ ላም ተከትቧል።»

መቲ ስልኩን ዘግታ ለአቶ ተሻለ ልትነግራቸው ብትገባ፣ ተጠቃሚ ለሚባሉት እንግዳ የውሎ አበል ሊያጸድቁ ከኮሚቴው ጋር ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች።