በወይዘሮ ቲያን ግቢ ማን ሞተ?

ተናኜ የምትባል መምህርት አለች፤ ስቶክሆልም ውስጥ ለአዋቂ ስደተኞች ስዊድንኛ ታስተምራለች። አዎ፣ የጎንደር ልጅ ሆና ስዊድንኛ ታስተምራለች። ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችበት አገር ነው፤ ምን ይደንቃል? ከተማሪዎቿ መካከል አንዲት ቻይናዊት ባልቴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ቲያን ይባላሉ፣ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣሉ። እርሳሳቸውን እንደ መርፌ አሹለው ይመጣሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም።

ታዲያ እኚህ ዝምተኛ ሴትዮ ለካ በአገራቸው ስመ ጥር የመድረክ ሰው ናቸው። ተናኜ ይህን ያወቀችው ሌላ ቻይናዊ ተማሪ ስልኩን ከፍቶ ሲያሳያት ነው። ፊታቸውን ነጭና ሮዝ ተቀብተው፣ ራሳቸው ላይ የዕንቁ ክምር ተሸክመው፣ ከእጃቸው አልፎ መሬት የሚደርስ እጅጌ በአየር ላይ እያንሳፈፉ ይዘፍናሉ። ንግሥት ናቸው አሉ፣ መንግሥቷን የተቀማች ንግሥት። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ይጮሃል። ተናኜ ስልኩን አየች፤ ማሞቂያው አጠገብ ያሉትን ሴትዮ አየች፤ ደግማ ስልኩን አየች። አልገጠመላትም።

ከዚያ በወሩ ወይዘሮ ቲያን ከትምህርት ቀሩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ቢደወል አያነሱ፣ ደብዳቤ ቢላክ አይመልሱ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ደንብ አለው፤ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ካልተገኙ ስማቸው ይሰረዛል፣ ቦታው ወረፋ ለያዘ ሰው ይሰጣል። እንደገና ለመግባት ዓመት ገደማ መጠበቅ ነው። ለሃያ ዓመት ወጣት አንድ ዓመት ምንም አይደለም፤ ለሰባ ሦስት ዓመት ሰው ግን እናንተው ፍረዱ።

ስለዚህ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ተናኜ ቤታቸው ልትሄድ ተነሣች።

«እንዲሁ ሳትቀይሪ?» አለቻት ጓደኛዋ ውብነሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማዋን እያጠለቀች።

«ምን ልቀይር? ንጹሕ ነኝ።»

«ንጹሕስ ነሽ። ቱነልባናው ባቡር ውስጥ መልአክ ወረደ ብለው ፎቶ እንዳያነሱሽ ብዬ ነው።»

«ወግጂ አንቺ! ይልቅ በምን እንደምጀምር ንገሪኝ።»

«መምህሯ አንቺ! ለምን ቀረሽ በያታ።»

«በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ‹ለምን ቀረሽ› ይባላሉ?»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላኪባቸው» ብላ ሳቀችባት ውብነሽ።

ተናኜ አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዝታ ሃግሴትራ ወረደች፤ የባቡሩ መጨረሻ ነው። ከፎቆቹ ጀርባ ተያይዘው የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ወይዘሮ ቲያን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት እዚያ ነው። ልጅቷ ኪስታ በሚባል ሰፈር ቢሮ ትሠራለች፤ ያን ሰሞን ለሥራ ሌላ አገር ሄዳ ነበር። ተናኜ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ነጭ ነጠላዋን ከራሷ ላይ እንደጣለች ደወሉን ተጫነች።

ወይዘሮ ቲያን በሩን ከፈቱ። ቀይ ሹራብ ለብሰዋል፤ ከውስጥ ሙዚቃ ይሰማል፤ ፊታቸው ሙሉ ፈገግታ ነው። ከዚያ ተናኜን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ፈገግታው ጠፋ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አንድ ጊዜ፣ መምህር፣ አንድ ጊዜ» አሉና በሩን መልሰው ዘጉት።

ተናኜ ብርቱካኗን ይዛ ደጅ ቀረች። ምን አጠፋሁ? ሙዚቃው ተቋረጠ። መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ቀይ ወረቀት አንድ እጅ መጥቶ አነሣው። መጋረጃውም ተዘጋ። ልመለስ ይሆን ስትል በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ቲያን ብቅ አሉ። ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ለብሰዋል። አንድም ቃል ሳይናገሩ ሦስት ጊዜ ዝቅ ብለው እጅ ነሷት።

ተናኜ ክው አለች። ጥቁር! ወይ ጉዴ፣ ሰው ሞቶባቸዋል! ሦስት ሳምንት የጠፉት ለካ ሐዘን ላይ ተቀምጠው ነው። እሷ ስለ ስም ዝርዝር ልታወራ ዘው ብላ መጣች! ወዲያው ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፤ አገላብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው አጣፋችው። አንገቷን ሰብራ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለች በስዊድንኛ፣ እንደሆነላት አድርጋ።

ወይዘሮ ቲያን ነጩን ነጠላ እንደገና ስታጣፋ ባዩ ጊዜ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክንዷን ያዙና በሳሎኑ አሳልፈው ወደ ጓሮ ወሰዷት።

ግቢው ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ድንጋዮች እንደ ዛፍ ቆመው ተተክለዋል። ሸምበቆ በገንቦ ውስጥ በቅሏል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያክል ኩሬ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፤ ድመት እንኳ የምትሻገረው አይደለም። መንገዱ ወዲያ ወዲህ ይጠማዘዛል። ተናኜ ዝምታው ሲከብዳት፣ «ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም?» አለች።

«ግቢው ትንሽ ነው፣ መምህር። ቀጥ ቢል በአምስት እርምጃ አጥር ይገጥመኛል።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለቅሶ ቤት ወሬ አይጀመርምና ተናኜ ዝም አለች። ወይዘሮ ቲያንም ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ ተናኜ እንባዋ መጣ፤ ከሐዘንተኛ ጋር ተቀምጦ ዓይን ማድረቅ ነውር ነው። ወይዘሮ ቲያን ይህን ሲያዩ የጥቁር ሹራባቸውን እጅጌ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ዓይናቸው አነሡና እሳቸውም አለቀሱ። እንዴት ያለ ለቅሶ መሰላችሁ! ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ አንገታቸው እንደ አበባ ዘመም ይላል። ምን ዓይነት ሰው ቢሞትባቸው ነው፣ አለች ተናኜ በልቧ፤ አብዝታ አለቀሰች። እሷ ስታበዛ ወይዘሮ ቲያንም አበዙ።

ሲበቃቸው ወይዘሮ ቲያን ጉልበቷን ዳሰስ አድርገው ጠየቁ፤ «ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

«የማን?»

«የሞተብዎ ሰው።»

ተናኜ ቀና አለች። «የሞተብኝ? የእኔ? የሞተብዎ እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ? እኔ ማንም አልሞተብኝም።»

«ታዲያ ጥቁር ለብሰው…»

«እርስዎ ነጭ ለብሰው መጡ! በእኛ አገር ነጭ የለቅሶ ነው። መምህሬ ሐዘን ይዟቸው መጡ፣ በቀይ ልብስ ልቀበላቸው? ብዬ ሮጬ ቀየርኩ።»

«እኛ ነጭ ለብሰን እኮ ነው የምናስቀድሰው!» አለች ተናኜ። «ለሐዘን ነው ጥቁር!»

«ታዲያ ለማን ነው ሁለታችን ያለቀስነው?»

ለማን እንደሆነ ማን ያውቃል። ተናኜ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንከተከተች። ወይዘሮ ቲያን ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ድንጋዮቹ አዞሩ።

ተናኜም ሳቋን ቆረጠች። «ማንም ካልሞተ፣ እማማ፣ ለምንድን ነው የቀሩት? ነገ ካልመጡ ስምዎን ይሰርዙታል እኮ። ዓመት ነው የሚያስጠብቁዎ።»

ወይዘሮ ቲያን ከኩሬው ዳር አንድ ደረቅ ቅጠል አነሡ። «አውቃለሁ። ደብዳቤው ደርሶኛል። ስለ ሳቁብኝ ነው የቀረሁት።»

ተናኜ አሰበች። ትዝ አላት። ‹እባክዎ ግማሽ ኪሎ ዓሣ ይስጡኝ› የሚል መስመር አስነብባቸው ነበር። ተነሥተው ድምፃቸውን ወደ ላይ ስበው፣ አንቀጥቅጠው፣ መንግሥቷን እንደተቀማች ንግሥት አድርገው አነበቡት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ሳቀች።

«ወድጄዎ እኮ ነው!» አለች። «ሰው የሚስቀው በጠላው ነው እንዴ? እንደ እናቴ ስላየሁዎ ነው የሳቅሁት።»

«የእኔ መምህር ቃል ስስት በሸምበቆ ይመቱኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ቲያን። «ግማሽ ቀን በአንድ እግር ያቆሙኝ ነበር። አንድ ቀን ስተው አልሳቁብኝም። በእኛ ሙያ መምህር የሚስቀው ተስፋ በቆረጠበት ተማሪ ነው፤ ይህ አይረባም፣ በከንቱ አልድከም ሲል ነው። እርስዎን አላስቸግር ብዬ በገዛ ፈቃዴ ቀረሁ።»

ተናኜ የምትገባበት ጠፋት። ከአግዳሚው ወርዳ ጉልበታቸውን ያዘች፤ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ!»

ወይዘሮ ቲያን በድንጋጤ ጮኹ። «መምህር ለተማሪ? ይህማ አይሆንም!» ብለው እሳቸውም ዱብ ብለው ተንበረከኩ።

«ኧረ በማርያም ይነሡ! በእርስዎ ዕድሜ!»

«እርስዎ ይቅደሙ፤ መምህሬ ነዎት!»

«እናቴ ነዎት እኮ!»

እንዲህ ተያይዘው፣ አንዷ ሌላዋን ላንሣ ስትል፣ ሁለቱም ሣር ላይ ቁጭ አሉ። ነጩ ቀሚስ አረንጓዴ ሆነ።

«ነገ ይምጡልኝ» አለች ተናኜ፣ እያለከለከች። «ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ ቲያን ሹራባቸውን አራግፈው ተነሡ። «ስሳሳት ይቆጡኛል?»

«እርስዎን? እኔ?»

«ከተቆጡኝ እመጣለሁ። አይስቁ፤ ይቆጡ።»

ገብተው የትምህርት መጽሐፋቸውን ይዘው ወጡ፤ እርሳሱ እንደ ሾለ ውስጡ አለ። ድልድዩ አጠገብ ቆመው ያንኑ የዓሣውን መስመር አነበቡ። ድምፁ እንደገና ወደ ሰማይ ወጣ፤ ግማሽ ኪሎ ዓሣ የሚለምን ሳይሆን ለሙት ልጅ የሚያዜም ነው የሚመስለው።

«እንዲህ… ባይዘፍኑት ጥሩ ነበር» አለች ተናኜ ቀስ ብላ።

«ይህ ቁጣ ነው?»

«እባክዎ፣ እማማ፣ ትንሽ…»

«ይህማ ልመና ነው! ይዩኝ» አሉና ወይዘሮ ቲያን ወገባቸውን አቀኑ። አገጫቸው ተነሣ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ጣታቸው ከትከሻ ጀምሮ ዞሮ መጥቶ በቀጥታ ተናኜ ግንባር ላይ አነጣጠረ። ያ ትንሽ ግቢ ሁሉ የጠበበ መሰለ። ተናኜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ስልኩ ላይ ያየቻት ንግሥት ይቺ ናት፤ አሁን ገጠመላት።

«አሁን እርስዎ።»

ተናኜ ጣቷን ቀሰረች። በልጅነቷ ታላቅ ሰው ላይ ጣት ብትቀስር ምን እንደሚደርስባት ታውቃለች። አወረደችው። እንደገና ሞከረች፤ ከአፏ የወጣው «ይቅርታ» ሆነ። ሦስተኛም ሞከረች፤ አልሆነም። ወይዘሮ ቲያን ተስፋ ቆርጠው መጽሐፉን ሊዘጉ ሲሉ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። ሰኞ ታያት፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ታያት።

«ተሳስተሻል!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። «ያለ ዜማ! ድገሚው!»

ወዲያው አፏን ያዘች። አንቺ አለቻቸው፣ እናት የሚሆኑ ሰው!

ወይዘሮ ቲያን አማርኛ አያውቁም፤ ቁጣ ግን ያውቃሉ። ሁለት እግራቸውን ገጥመው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሡና መስመሩን ደገሙት። አሁንም መጨረሻው ላይ ትንሽ ዘፈን አመለጣቸው።

«ድገሚው!»

በአጥሩ ላይ የጎረቤቱ ስዊድናዊ ራስ ብቅ አለ። አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ሣር የነካው ነጭ ለብሰው ሲጯጯሁ አይቶ፣ «ምን ሆናችሁ? ሰው ልጥራ?» አለ።

«ምንም አልሆንንም» አሉ ወይዘሮ ቲያን፣ ከመጽሐፉ ቀና ሳይሉ። «መምህሬ ናቸው። ነገ ጠዋት ትምህርት አለኝ፤ አይረብሹን።» ቀጥለውም፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ ለጎረቤቱ ግማሽ ኪሎ ዓሣ ለመኑት።

ተናኜ ሳቋ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እንደ ምንም ዋጠችውና ጣቷን አነሣች።