ባለቤት የሌለው ጥላ

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ ሁሉ «ቴሌስኮፕ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሊቀልዱበት ነው፤ እሱ ግን ማዕረግ መስሎት ኮራበት። ጠዋት ስቱዲዮውን ከፍቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራ ከደንበኛ በፊት የሚያየው ጨረቃን ነው። የጠፈር ድርጅቶች የለቀቁትን ፎቶ እስኪደበዝዝ ድረስ ያጎላና ለመጣ ለሄደው ሁሉ ጣቱን እየቀሰረ ያስረዳል።

«ይኸው፣ ጥላ አለ። ባለቤቱ የታለ? ሕንፃ ነበር፣ አጥፍተውታል። ሰው አንድ ነገር ከፎቶ ሲያጠፋ ጥላውን ይረሳል። እኔ የሥራው ሰው ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይሄ ነው። ታላቅ እህቱ አንድ ጊዜ «የጉድጓድ ጥላ ነው ይላሉ እኮ የተማሩት» ብትለው፣ «ተከፍሏቸው ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ አልተከራከረችውም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የሙሽራ ብጉር ሲያጠፋ፣ ለሽማግሌ ጥርስ ሲተክል የሚውል ሰው ስለ እውነተኛ ፎቶ ሲሰብክ መስማት ግን ያንገሸግሻት ነበር።

ቢሆንም ያረጀ ፎቶ የሚያድስ ሌላ ሰው አታውቅም። ባሏ የሞተው ልጃቸው ሳትወለድ ነው። ሠርጋቸውን ይኸው ወንድሟ «ካሜራዬ ተበላሽቷል» ብሎ አላነሳላቸውም፤ በኋላ የተነሷቸውን ጥቂት ፎቶዎች ደግሞ ቤቷ የገባው ጎርፍ በላቸው። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እናቷ ግድግዳ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ባሏ አጠገባቸው ቆሞ። ፊቱ የምስር ፍሬ አያክልም። ልጅቷ ቀጥ ብለው የቆሙት ጆሮዎቿ ከማን እንደመጡ እየጠየቀች ነው ያደገችው፤ ትምህርት ቤት ይስቁባታል። «አጎትሽ ያጎላልናል፣ ያን ጊዜ አባትሽን ታዪዋለሽ» ተብላ ስትጠብቅ ሰነበተች።

ፎቶውን ቀድማ ሰጥታው ስለነበር ቅዳሜ ከልጇ ጋር ሊወስዱት ሄዱ። ቴሌስኮፕ ፎቶውን ትልቅ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ እየሳቀ አቀረበላቸው። እናቷ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ባሏ የነበረበት ቦታ ላይ ልሙጥ ግድግዳ አለ።

«ባሌስ?» አለች።

«ፎቶውን ያበላሽብን ነበር፣ እትዬ። ያ ሰው መች ከእኛ ጋር ይሄድ ነበር? አጸዳሁት።»

በሕይወት እያለም «ያ ሰው» ነበር የሚለው። ስሙን አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም።

«ዋናውን ስጠኝ።»

«አርጅቶ የለ እንዴ፣ ቀደድኩት።»

«ኮምፒውተሩ ላይስ?»

«እዚያው በላዩ ላይ ነው የሠራሁት።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የነገራት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጠላችው። ቀጥሎ ጥላቻም በዛበትና ናቀችው። ሰማይ ላይ ሌባ ሲያሳድድ የኖረ ሰው የእህቱን ልጅ አባት መስረቁ፣ ያውም በሟች ላይ እየቀና።

ልጅቷ ፍሬሙን ተጠግታ ስታይ ቆየች።

«እማዬ፣ ይሄ የማን ጥላ ነው?»

ከአያቷ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የቆመ ሰው ጥላ ነበር። ትከሻ አለው፣ ራስ አለው፣ ከራሱ ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የወጡ ሁለት ጆሮዎች አሉት።

እህቱ ወደ ቴሌስኮፕ ዞረች። «ባለቤቱ የታለ?» አለችው በቀስታ።

ቴሌስኮፕ ጎንበስ ብሎ ጥላውን አየ።

«ንገረን እንጂ። የሥራው ሰው አይደለህ?»

ከዚያ፣ ጉዱ ይህ ነው፣ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደና «ቆይ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ አሁኑኑ አጠፋታለሁ» አላት።

ፍሬሙን ነጥቃ ደረቷ ላይ ያዘችው። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች፣ ዞራም አላየችውም። መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ ፍሬሙን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ጥላውን አሳየቻት።

«አባትሽ ነው» አለቻት። «የተረፈልን ይሄ ነው።»

ልጅቷ አንድ እጇን ጥላው ላይ፣ አንዱን የራሷ ጆሮ ላይ አድርጋ ቆየች።

«የእሱ ናቸው» አለች።

እስከዚያ ድረስ እንባዋን ይዛ የነበረችው እናት ያኔ አለቀሰች።