የኦርቪል ታገርት ቁጥሮች

«ስድስት ኤስ ኤን ሰባት» አለ ደልማር ክሮፕ፣ እርሳሱን ደብተሩ ላይ ደግኖ።

«መሰኪያ አራት፣ ስድስት ቮልት፣ አርባ አንድ» አለ ኦርቪል ታገርት፣ ከረሜላውን በጉንጩ እያገላበጠ። «እሱንማ ዓይኔን ጨፍኜ! ሌላ በል፣ አንተ ጎረምሳ።»

ጎረምሳው ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት አልፎታል። ግን ኦርቪል ዘጠና አንድ ስለሆነ ከእሱ በታች ያለ ሁሉ ጎረምሳ ነው። የደልማር እርሳስ ግን ባለበት ቆመ። ወደዚህ የአረጋውያን ቤት በመጣ ቁጥር ጨዋታውን የሚጀምረው በዚችው አምፖል ነው፤ ሽማግሌውን ማሟሟቂያ ናት። አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቆ አሥራ አንዱንም ጊዜ «ሃያ ሰባት» ተብሏል። ዛሬ አርባ አንድ ሆነች።

የነገሩ መነሻ ደልማር ጋራዥ ውስጥ የቆመች ማሽን ናት። ድሮ፣ ቴሌቪዥን በመስታወት አምፖል በሚሠራበት ዘመን፣ ምስሉ ሲጠፋ ሰው አምፖሎቹን ይነቅልና በወረቀት ከረጢት ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄድ ነበር። እዚያ ጥግ ላይ የአምፖል መፈተሻ ቆማለች። አምፖሉን ራሱ ይሰካል፣ መዘውሩን ያዞራል፣ ቀስቷ «ደህና» ወይም «ሞቷል» ስትል ያያል። በሁለቱ መሃል የጥያቄ ምልክት አለ፤ ቀስቷ እዚያ ከቆመች እንግዲህ ሰውየው ከልቡና ከኪሱ ጋር ይማከር። የሞተውን ከማሽኗ ሆድ ካለው መሳቢያ አዲስ ገዝቶ ይተካል። ያ ዘመን አለፈ፣ ማሽኖቹም ተጣሉ። እንደ ደልማር ያለ ልክፍት የያዘው ሰው ደግሞ ከየጎተራውና ከየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እየለቀመ ያድናቸዋል።

አምስት አድኗል። ስድስተኛዋ ናት መከራውን ያበላችው። ሽቦዋን ቀየረ፣ ዝገቷን ፋቀ፣ መብራቷን አበራ። ግን የትኛው አምፖል በየትኛው መሰኪያ፣ በስንት ቮልት፣ መዘውሩ ስንት ላይ ሆኖ እንደሚፈተሽ የሚናገረውን ሰንጠረዥ አይጥ በልቶት ነበር። የሠራት ፋብሪካ ትንሽ ነበር፤ ጥቂት መቶ ሠርቶ ተዘጋ። ደልማር ሁለት ዓመት ሙሉ በየአገሩ ያሉትን ሰብሳቢዎች ሲጠይቅ ከረመ። የለም አሉት። ያለ ሰንጠረዡ ማሽኗ ቁም ሣጥን ናት። እንዲያውም አንድ ወዳጁ «ሆድ ዕቃዋን አውጣና የመጠጥ መደርደሪያ አድርጋት» ቢለው ለሁለት ወር አኩርፎት ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከማሽኗ በር ጀርባ ነው። እዚያ የተለጠፈች የጥገና ካርድ ላይ ከየቀኑ አጠገብ ያው ፊርማ አለ፦ ኦ. ታገርት። በመላው ኢንዲያና ግዛት በስልሳ ሦስት መድኃኒት ቤቶች እየዞረ ማሽኖቹን የሚጠብቅ፣ መሳቢያውን የሚሞላ ሰው ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ደልማር አፈላልጎ ከኮኮሞ ከተማ ወጣ ብሎ እዚህ ቤት አገኘው። ሰውየው የዛሬን ቀን አያውቅም፤ ቁርስ መብላቱን አያውቅም። ቁጥሮቹን ግን እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ጣቱን ቀስሮ እንዲህ ብሎት ነበር፦ «የአምፖሉ ስም መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ቮልቱ ነው። አምስት ካለ አምስት፣ ስድስት ካለ ስድስት። ይህን የረሳ ሰው እጁን ከማሽን ላይ ያንሳ!»

ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አምፖሎች መቶ አርባው ደብተሩ ላይ ሰፍረዋል። ሰባ ሁለት ቀርተውታል።

ደልማር ደብተሩን ወደ ቀደሙት ገጾች ገለጠ። «ስድስት ቪ ስድስትስ፣ ሚስተር ታገርት?»

«መሰኪያ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ።»

ደብተሩ ላይ ያለው መሰኪያ ስድስት፣ ሠላሳ አራት ነው።

«ስድስት ኤል ስድስት?»

«መሰኪያ ሰባት፣ ስልሳ።»

ይህም ሌላ ነው። ሽማግሌው ቢያመነታ፣ ግንባሩን ቢያሽ፣ «ቆይ እስቲ» ቢል ኖሮ ደልማር ይጽናና ነበር። የለም፤ ልክ እንደ ወትሮው ጥይት ነው። እንግዲህ ስህተቱ የጀመረው መቼ ነው? ዛሬ? ያለፈው ሐሙስ? ወይስ ከመጀመሪያውም ማሟሟቂያዋ ብቻ ልክ ነበረች? የሚያመሳክርበት ምንም የለ። ከድፍን ክረምት ልፋቱ የትኛው ገጽ እውነት፣ የትኛው ቅዠት እንደሆነ ከእንግዲህ በምድር ላይ የሚነግረው ሰው የለም።

«ምነው አትጽፍም?» አለ ኦርቪል። «ደከመህ እንዴ? ያንተ ዕድሜ ላይ እኔ በቀን ዘጠኝ ከተማ እዞር ነበር።»

«እየጻፍኩ ነው» አለ ደልማር። አልጻፈም።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። የኦርቪል ልጅ ኮኒ ናት፤ ሁለት ሰዓት ነድታ እሑድ እሑድ የምትመጣ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ካፖርቷ ላይ በረዶው ገና አልቀለጠም።

«አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?»

ኦርቪል ከላይ እስከ ታች አያት። «ከባንኩ ነው የመጣሽው? ሥራ ላይ ነን፤ በኋላ ተመለሺ።»

ኮኒ እንደለመደችው ፈገግ አለች። ደልማር ሊነሳ ሲል በእጇ መለሰችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ የግቢው በር ላይ አገኙት። ‹መኪናዬን አምጡ፣ መድኃኒት ቤቶቹ እየጠበቁኝ ነው› አላቸው። በዚህ ብርድ! ከነገ ጀምሮ ወደሚቆለፈው ፎቅ ያወጡታል። እዚያ ከቤተሰብ በቀር አያስገቡም ሚስተር ክሮፕ። እንዳይለፉ ብዬ ነው።»

«ነገ?»

«ነገ። ለመንኳቸው። ‹ምንም ማድረግ አንችልም› አሉኝ። እኔስ ምን አደርጋለሁ? ወደ ቤቴ እንዳልወስደው ባለፈው ዓመት ወስጄው ምድጃውን ለኩሶ ወጥቶ…» አልጨረሰችውም።

ደልማርን ስለ ሰባ ሁለቱ አምፖሎች ማሰቡ ራሱ አሳፈረው፤ ግን አሰበ፤ ሰው ነውና።

ኮኒ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በሩ ላይ ቆሜ ስሰማችሁ ነበር» አለች። «ቅር አይበልዎትና ቀናሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። እኔ በእነዚህ ማሽኖች ስቀና ነው ያደግሁት፤ ሰኞ ይወጣል፣ ዓርብ ይመለሳል። አሁንም ልጁን ረስቶ እነሱን ያስታውሳል። እንዲያው ምን ይሉታል ይሄን?»

«ይቅርታ» አለ ደልማር።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገችና ደብተሩን አየች። «እኔ ልጠይቀው? አንድ ጊዜ ብቻ። እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

ደልማር ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት። ከሽማግሌው ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። የቀሩትን አምፖሎች ስም ዝርዝር ሰጣትና አንዱን በጣቱ አሳያት።

«አምስት… ዩ… አራት?» አለች፣ ፈተና እንደገባች ተማሪ።

የኦርቪል ፊት በራ። ከረሜላውን በአንድ ጉንጩ አደረገና ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «አየህ ጎረምሳ፣ ሴትዮዋ ታውቃለች! አምስት ዩ አራት! መሰኪያ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሠላሳ ሦስት። ትልቁ ቴሌቪዥን ሁሉ የሚሠራው በሱ ነው፣ እመቤት። ስታቀብይው በመሐረብ ያዢው፣ እጅ ያቃጥላል።»

«በመሐረብ እይዘዋለሁ» አለች ኮኒ። ጉንጯ ላይ እንባ እየወረደ ትስቃለች።

«ጎበዝ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት የሰው አምፖል አቃጥዬ አላውቅም።»

አሥራ ሁለት ቮልት። የስሙ መጀመሪያ አምስት ነው። ማሽን የነካ ሁሉ፣ ትናንት የጀመረም ቢሆን፣ ይህን አይስተውም። አምስት ዩ አራትን አሥራ ሁለት ላይ ቢሰኩት በአንድ ትንፋሽ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ኮኒ ዘወር ብላ ደልማርን አየችው። አባቷም አየው። ሁለቱም ዓይናቸው አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፤ እስከ አሁን ልብ አላለውም ነበር።

«ትክክል ነው?» አለች።

«ይጻፈው እንጂ!» አለ ኦርቪል። «ጻፍ፣ አንተ!»

ደልማር ደብተሩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፎ «መሰኪያ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሠላሳ ሦስት» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጻፈ። ከመስመሩ ጎን የጥያቄ ምልክት ሊያደርግ እጁ ተነስቶ ነበር። ኮኒ እያየችው ስለነበር ተወው።

«ትክክል ነው» አለ። «ሰባ አንድ ይቀሩናል። የሚቀጥለውን ይጠይቁት፣ እኔ እጽፋለሁ።»