ሁለቱ ትንንሽ ክቦች

ወይንእሸት ዓርብ ዓርብ ከቢቸና ወደ ሞጣ ትሄዳለች። ባሏ ዘመነ ሞጣ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ነው የሚሠራው፤ የሦስት ዓመት ልጃቸው አርሴማም እዚያው ከአያቷ ጋር ናት። ዝውውር ከጠየቀች አራት ዓመት ሆናት። በየዓመቱ «ቦታ የለም» ይሏታል፤ እሷም በየሳምንቱ የደብረ ወርቅን መንገድ አቧራ እየቃመች ትመላለሳለች።

በዚያ ዓርብ የስምንተኛ ክፍል የማታ ተማሪዎቿን በጊዜ ጠርታ የታረመውን የሒሳብ ፈተና ወረቀት አሳይታ ሰበሰበችና ቦርሳዋን አንጠለጠለች። የመጨረሻዋ ሚኒባስ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት አልቀራትም። በሩ ላይ እትዬ ሀብትነሽ ቆመው ይጠብቋታል። አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጤና ጣቢያ በጽዳት የሚሠሩ ተማሪዋ ናቸው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ኤክስ ሆነብኝ።»

«ሰኞ እንየው፣ እትዬ። መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።»

«እሺ። ብቻ ትንንሾቹ ክቦች ሁለት አይደሉም እንዴ? እኔ ሁለቱንም ነው የቀነስኩት።»

ወይንእሸት ባለችበት ቆመች። ሬዲየሱ 14 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትልቅ ክብ ውስጥ፣ ሬዲየሳቸው ሰባት ሰባት የሆኑ ሁለት ክቦች ጎን ለጎን ተሥለዋል፤ የተጠየቀው ከእነሱ ውጭ የጠቆረው ክፍል ስፋት ነው። የትልቁ 616፣ የእያንዳንዱ ትንሽ 154። መልሱ 308 ነው። እሷ ግን አንዱን ብቻ ቀንሳ 462 ብላ አርማለች። መልሱን የሠራችው ከሞጣ በተመለሰችበት እሑድ፣ ዓይኗ እየተከደነ ነበር።

«ልክ ነዎት፣ እትዬ» አለች፤ ቦርሳዋንም መልሳ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ውጤቱ ቅዳሜ ጠዋት ሊለጠፍ ነው። ስልኳን አውጥታ ዘመነ ጋ ደወለች።

«ዛሬ አልመጣም።»

«ልጅቷ እኮ ከቀትር ጀምሮ በር በሩን እያየች ነው።»

«አውቃለሁ። ተሳስቼ ነው፤ ሰማንያ ስድስት ወረቀት እንደገና ማረም አለብኝ።»

«በይ ነገ በጠዋት ነይ» አለና ዘጋ።

አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አራት አራት ማርክ ተጨመረላቸው፤ እትዬ ሀብትነሽም ከ47 ወደ 51 ወጡ። እንደ እሷ 462 ብለው የጻፉ ሰባት ደግሞ ተቀነሰባቸው። ወፍጮ ቤት የሚሠራው ፋንታ ከ52 ወደ 48 ወረደ። የእሱን ወረቀት ይዛ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ከዝርዝሩ ግርጌ «ከ50 በታች ያመጣችሁ ሰኞ ሌላ ፈተና ትወስዳላችሁ» ብላ ጻፈች። እሱንም የምታወጣውና የምታርመው ራሷ ናት።

ቅዳሜ ሞጣ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። አርሴማ አኩርፋ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ወይንእሸት ድካም አሸንፏት፣ እንደ ለበሰች አልጋው ላይ ጋደም አለች። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ትንንሽ እጆች የጫማዋን ማሰሪያ ሲፈቱ ተሰማት።