የቅዳሜዋ ተማሪ

ዓወት መቀሌ ውስጥ፣ ሓድነት በሚባለው ክፍለ ከተማ የሒሳብ መምህርት ናት። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ ዓመታት ለባከኑባቸው ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኗ ውስጥ ማስጠናት ጀመረች። መጀመሪያ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከዚያ አንዱ ወርቅ ፍለጋ ሄደ፣ ሌላዋ አገባች፣ የቀሩትም ሳይሰናበቱ ጠፉ። በመጨረሻ ፊርዶስ ብቻ ቀረች።

ፊርዶስ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ጨርቅ ይነግድ የነበረው የጀይሉ ልጅ ናት። ሱቁ ከተዘረፈ ወዲህ አባቷ የቀን ሥራ ይሠራል። እሷም ሃያ ዓመት አልፏት ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ዓወት ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ አቁማ ከላይ ተጫነችው። ወዲያው ጎበጠ።

«አሁን መሃሉን ያዢልኝ።»

ፊርዶስ ከግራና ከቀኝ በጣቶቿ ያዘችው። ዓወት እንደገና ተጫነችው፤ ማስመሪያው ጸና።

«ጣቶችሽ ሸክሙን አልተሸከሙለትም» አለቻት። «እንዳይጎብጥ ብቻ ነው የከለከሉት። ስናሰላው ግን፣ እንዲህ መሃሉን የተያዘ ምሰሶ ካልተያዘው አራት እጥፍ ይችላል።»

«በዚህች ትንሽ ነገር?» ፊርዶስ ሳቀች።

በዚያው ሰሞን የዓወት ታናሽ ወንድም የሓፍቶም መርዶ መጣ። ዓወት ከአልጋ መነሳት አቃታት፤ ማስጠናቱንም ተወች። ፊርዶስ ግን ቅዳሜ ሲደርስ መጣች። ዕቃ አጠበች፣ ውሃ ቀዳች፣ ከዚያ አጠገቧ ዝም ብላ ተቀመጠች። በሚቀጥለውም ሳምንት መጣች፤ ከዚያም በኋላ። አንድ ቀን ዓወት ራሷ፣ «ደብተርሽ የታለ?» አለቻት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ፊርዶስ በሒሳብ ጥሩ አምጥታለች፤ ድምሩ ግን ለማለፍ አልበቃም።

«ለጥቂት ነው የሳትሽው። ለከርሞ እንሞክር» አለች ዓወት።

«መምህር፣ እኩዮቼ እኮ ወልደዋል። አባቴ ወገቡን ታሟል። እስከ መቼ ነው የምሞክረው?»

ፊርዶስ ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ክረምቱ ሲወጣ ጀይሉ በሩን አንኳኳ። ይግቡ ብትለው እሺ አላለም።

«መምህርት፣ መሄዷን ነግራዎት ነበር?»

«ወዴት ኣያ ጀይሉ?»

«ሳዑዲ። ደላላ በአፋር በኩል ወሰዳት። ባሕሩ ዳር ደርሰናል ብላ ደውላ ነበር። ጀልባው ተገልብጧል። ከተረፉት አንድ ልጅ ደውሎ፣ ስትሰምጥ አይቻታለሁ አለን።»

ዓወት መቃኑን ያዘች።

«ታናሿ ኑሃ አለች» አለ ጀይሉ። «ዘጠነኛ ክፍል ናት። እንደ እህቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣ?»

«መጥታስ? የት ላደርሳት ነው?»

«እሱን አላውቅም። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው።»

ዓወት አንገቷን ደፋች። ጀይሉ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ «አላህ ያጽናዎት» ብሏት፣ ወገቡን ደግፎ ሄደ።

ዓወት ብዙ ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ቆየች። በመጨረሻ ኑሃ ትምጣ ልትለው ወደ ቤታቸው ሄደች። በሩን የከፈተችላት የማታውቃት ሴት ነበረች።

«እነ ጀይሉ?» አለች ሴትዮዋ። «ጓዛቸውን ጠቅልለው ወሎ ገብተዋል። እኛ ተከራይተን ነው።»

«ስልክ ትተዋል?»

«አልተዉም።»