ሁለተኛው ካሴት

የድሮ ጌሞች ሰብሳቢው መዶሻውን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ነበር። ጥንቃቄው አልጠቀመም። የሚስቱ ወንድም ከሥራው ቀና ብሎ መጀመሪያ መዶሻውን፣ ቀጥሎ እሱን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ አናጢ ሆንክ?»

ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት የምትሞላ የስልክ መጠገኛ ናት። ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች በየመሳቢያው ተደርድረዋል። የተቃጠለ ፕላስቲክና የአልኮል ሽታ ግድግዳው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ጠጋኙ ፊት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ መርከብ የተሳለበት ግራጫ የጌም ካሴት ተቀምጧል። የሠራው ድርጅት ጥቂት ብቻ አውጥቶ ስለከሰረ ዛሬ በጣም ተፈላጊ ሆኗል።

ያገኙት አብረው ነበር። አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ከተሰበሩ ሬዲዮኖች ሥር ሁለት አንድ ዓይነት ካሴቶች አወጣላቸው፤ አንዱን እሱ፣ ሌላውን ጠጋኙ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢው ሲጠብቅ ኖሯል። ገበያ የራሱ ሰዓት አለው ብሎ ያምናል። በልጅነታቸው የተጫወቱበት ሰዎች ይጎለምሳሉ፤ እጃቸው ገንዘብ ሲገባ አንድ ቀን ልጅነታቸውን መልሰው መግዛት ያምራቸዋል። ያን ጊዜ ዋጋው ይሰቀላል። ከዚያ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፤ ከኋላቸው የሚመጣው ትውልድ ዕቃውን በነፃ ቢሰጡትም አይወስደውም። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ጊዜ ደግሞ አሁን ናት። ነገ የእሱን ካሴት ሊወስድ የሚመጣው ገዢ በደህና ይዞታ የቀረው ካሴት አንድ ብቻ እንደሆነ ያምናል። ጠጋኙ ግን የራሱን ካሴት ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ በሰብሳቢዎቹ ገጽ ላይ ሊለጥፍ ነው። ለጥቂት ቀን ቢያዘገየውም ለውጥ የለውም፤ ሁለተኛው ብቅ ባለ ቀን ገዢው ተታለልኩ ብሎ የመጀመሪያውን ይመልሳል።

«እንስበረው» አለ። «የኔ ሲሸጥ እኩል እንካፈላለን።»

«ደህናውን ዕቃ?»

«አዎ፣ ደህናውን።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የተሰበረ እየጠገንኩ ነው የምበላው። ሰው ቢሰማህ ምን ይልሃል?» ጠጋኙ አሁንም ፈገግታው አልጠፋም። «ስንት ጊዜ ቆይ አልከኝ፤ ቆየሁ። አሁንስ በቃኝ። መስኮት ያለው ሱቅ አምሮኛል። ለመሆኑ እህቴ ይሄን ታውቃለች?»

«እሷን ተዋት።»

«ተውኳት እኮ፤ ለአንተ ተውኳት። የኔ ጥፋት እሱ ነው።»

ፈገግታው አሁን ጠፍቶ ነበር።

ሰብሳቢው ጆሮው ሲግል ተሰማው። ባለፈው ዓመት ሚስቱ ስብስቡ ባለበት ክፍል መደርደሪያውን ስትወለውል አንድ ሣጥን ከእጇ ወድቆባት ነበር። እሱ አንጓዋን ከያዘበት ከዚያን ቀን ወዲህ በግራ አንጓዋ ላይ ሰዓት አታስርም፤ ወደዚያ ክፍልም አትገባም። ስለ ነገሩ ማንም አንስቶበት አያውቅም ነበር።

መዶሻውን አነሳ።

እጁ ሲወርድ ጠጋኙ እንደሚሸሽ እርግጠኛ ነበር። መዶሻ ሲመጣበት እጁን የማይሰበስብ ሰው የለም። የዘነጋው ጠጋኙም እንደ እሱ ሰብሳቢ መሆኑን ነው። ቀኝ መዳፉ እንደ ክዳን ካሴቱ ላይ አረፈ፤ የተሰማው ድምፅም የፕላስቲክ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ምት ስህተት ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። መዳፉ ግን አልተነሳም። የጠጋኙ ዓይኖች ፈጠው ያዩታል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሰብሳቢው ደግሞ መታ። በሙሉ ጉልበቱ አንስቶ ለሦስተኛ ጊዜ መታ።

ከዚያ ሁለቱም ቆሙ። ነጩ ጨርቅ ደሙን ቀስ ብሎ ይጠጣው ጀመር።

«ተረፈ?» አለ ጠጋኙ፣ በሹክሹክታ።

ሰብሳቢው የተጨፈለቁትን ጣቶች አንድ በአንድ አንስቶ ካሴቱን ከሥራቸው ሳበው። ደሙ ወደ ሥዕሉ ወረቀት ሳይሰርግ በፍጥነት በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። ወደ መብራቱ አስጠግቶ ፊቱንም ጀርባውንም አየ።

«ተርፏል።»

ሁለቱም በረጅሙ ተነፈሱ። ጠጋኙ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰብሳቢው በመኪናው ክሊኒክ አደረሰው። ራጁን ያየው ሐኪም «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲነገረው ፊልሙን ወደ ፖስታው መለሰው።

የሰብሳቢው ሚስት በኮሪደሩ ስትመጣ ሁለቱ ወንዶች አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እየሮጠች እንደመጣች ትንፋሿ ይናገራል። በወንድሟ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ወንድምዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«መዶሻ አመለጠኝ፣ እታለም።»

«ወይኔ! እንዴት?»

«አመለጠኝ አልኩሽ። ሰው አያመልጠውም እንዴ? ደግሞ አታልቅሺ፤ የማገባት ልጅ ስታይሽ የሞትኩ ይመስላታል።»

«የምታገባት የታለችና ነው?» አለች፤ ሳቅ ነገር ሊያመልጣት ሲል በሚሠራበት ቀኝ እጁ ላይ ያለውን ፋሻ አየች። ከጣቶቹ ጫፍ እስከ አንጓው፣ ከአንጓው እስከ ክርኑ አየች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«መዶሻውን በየትኛው እጅህ ይዘኸው ነው?»

ጠጋኙ ወደ ግድግዳው ዞረ።

እሷ ቶሎ አልተነሳችም። ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ የወንድሟን ክንድ አንጠለጠለችለት፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ፊቱን አይደለም ያየችው። የሸሚዙን እጅጌ አየች፤ ከዚያም የኮቱን ኪስ። እሱ የሚለውን ቃል እየፈለገ ነበር፤ አንድ ሁለቱንም ከአፉ አድርሷል። ቀኝ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ የካሴቱን ጠርዝ ይዳስስ ነበር፤ የተሰነጠቀ ቦታ እንዳለው ለማወቅ፣ ቀስ እያለ፣ ዙሪያውን።

ኪሱ ሲንቀሳቀስ አየች።